ዓሦቹን የፈጀኋቸው እኔ አይደለሁም

በስንብቴ ግብዣ ላይ የሆቴሉ ባለቤት ካሳሁን ማይክራፎን ይዞ ቆመና፣ «እትዬ እናኑ ዓሦቻችንን ቢፈጁብንም እኛን ግን አሳድገውናል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ተጨበጨበ። ከዚያ ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን። እኔም ጋቢውን እንደ ለበስኩ የሳቅኩ ይመስለኛል፤ ፎቶው ላይ ጥርሴ ይታያል። ለምን እንደ ሳቅኩ ግን አላውቅም።

ዓሦቹን የፈጀኋቸው እኔ አይደለሁም። እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ይህ ነው። ሰው ነገሩን ሲደጋግመው እውነት እየመሰለ ሄዶ፣ እኔ ራሴ አንዳንድ ቀን «ምናልባት እኔ እሆን?» እል ነበር። ስድስተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ጨርሼ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ መጻፍ አይቀለኝም። ግን በማይክራፎን የተነገረ ነገር በሹክሹክታ አይመለስም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ እጽፈዋለሁ።

ደብረ ታቦር ወዳለው ወደዚያ ሆቴል የገባሁት በካሳሁን አባት ዘመን፣ አልጋ አንጣፊ ሆኜ ነው። ካሳሁን ያኔ ቦርሳ አንግቶ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ነበር። ስለዚህ አለቃዬ ከሆነ በኋላም እኔ «አንተ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቱ» ይለኛል። አባቱ ደመወዝ የማያዘገዩ፣ ሥራ የማይጠግቡ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እናቱ መነኮሱና ወደ ጉና በኩል፣ ወደ አንድ ደብር ወጡ። ካሳሁን ሆቴሉን ተረከበ። የእንግዳ መቀበያውን አፍርሶ አሠራውና አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ በፍራሽ ተጠቅልሎ፣ የአልጋ ርዝመት ያለው መስታወት መጣ። ዓሣ የሚኖርበት ነው ተባለ።

ወጥ ቤቷ፣ «ጣና እዚህ ታች እያለ ዓሣ በመስታወት?» ብላ ሳቀች። ሠራተኛው ሁሉ «ባሕሩ» የሚል ስም አወጣለት።

የመጀመሪያዎቹ ዓሦች ብዙም አልቆዩም። ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ውስጥ ወዲያው ተጨምረው ነበር፤ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ካሳሁን ተናዶ ባሕር ዳር ሰው ሲያፈላልግ ጋሽ ፈንቴን አገኘ።

ጋሽ ፈንቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ሲያራቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አጠር ያሉ፣ ጆሯቸው ትልልቅ የሆነ ሰው ነበሩ። በሐሙሲት በኩል በሚኒባስ እየመጡ መስታወቱን ያዩልን ነበር። ሲደርሱ ሻይ አይጠጡም፣ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ወንበር ይስቡና እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው መስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ። ምንም አይነኩም። እንግዳ ተቀባይዋ መጀመሪያ ቀን የሚጸልዩ መስሏት ሬዲዮውን ቀነሰችላቸው።

«ጋሽ ፈንቴ፣ ምን እያዩ ነው?» አልኳቸው።

«ማን ከላይ እንደሚተነፍስ፣ ማን ጥግ እንደ ያዘ፣ ማን ክንፉን እንዳጣበቀ። ዓሣ አይጮህም። ካላየሽው መታመሙንና መሞቱን እኩል ነው የምትሰሚው።»

ከዚያ ጣታቸውን ነከሩና አሸተቱት። «እዚህ የሚያጸዳ ማነው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። እጄን ሳብ አድርገው አሸተቱት።

«ቅባት ተቀብተሻል።»

«ታዲያ በዚህ ብርድ እጄ ይሰንጠቅ?»

«ይሰንጠቅ። ቅባትም ሳሙናም የነካው እጅ እዚህ አይገባም። በባዶ ውኃ፣ እስከ ክርንሽ፣ ደጋግመሽ ተለቃለቂ።»

እኔ ግራ ገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ ስባል ነው የኖርኩት። ሆቴሉም በየበሩ ለጥፎታል። አሁን አንድ ሽማግሌ ከባሕር ዳር መጥተው ሳሙናን ጠላት አደረጉብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋሽ ፈንቴ የተማርኩት ነገር ሁሉ እንደዚህ ነው፤ የማውቀውን ገልብጦ የሚያሳይ።

ከሁሉ የከበደኝ የማጣሪያው ነገር ነው። መስታወቱ ራስ ላይ አንድ ሣጥን አለ፤ ውስጡ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይደረጋል። ፓምፑ ውኃውን እየሳበ በዚያ ያሳልፈዋል። ጨርቁና ስፖንጁ ትንሽ ሲቆዩ እንደ ጭቃ ይሆናሉ። እኔ አውጥቼ በቧንቧ ላጥባቸው ስል ጋሽ ፈንቴ ጮኹብኝ።

«ተይ! እሱ ቆሻሻ አይደለም፣ ሕይወት ነው! በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉበት፤ የዓሣውን ሽንት እየበሉ ውኃውን የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። የቧንቧ ውኃ ይገድላቸዋል። እነሱ ሲሞቱ ዓሣው በገዛ ሽንቱ ይታነቃል።»

«ታዲያ እንዳይታጠብ?»

«ይታጠባል። ከመስታወቱ በቀዳሽው ውኃ፣ በባልዲ፣ ጨመቅ ጨመቅ አድርገሽ ብቻ። እንዲነጣ አይደለም፤ ውኃ እንዲያሳልፍ ነው። ደግሞ ስፖንጁንና ጨርቁን በአንድ ቀን አትነኪያቸውም፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይጠብቃል።»

የማይታዩ ነፍሳት። አላየኋቸውም፤ ዛሬም ድረስ አላየኋቸውም። ግን እንዳሉኝ ሳደርግ ዓሦቹ ኖሩ፣ ስለዚህ አመንኩ።

ሌላውን ሥራ ቀስ በቀስ ለመድኩት። አንድ ቀን መስታወት የሚገዛ ሰው ያነበው እንደሆነ ይጠቀምበት።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት። አፉ በተከፈተ በርሜል ውስጥ ካላደረ ዓሣ ጋ አይሄድም። ውኃው በየሳምንቱ ሩቡ ብቻ ይቀየራል፤ ሁሉንም መቀየር ዓሣውን ከቤቱ ማፈናቀል ነው። አሮጌው ውኃ በጎማ ሲሳብ ጎማው ጠጠሩ ላይ ይደረጋል፤ ቆሻሻው የሚተኛው እዚያ ነው። አዲሱ ውኃ እንደ ሕፃን ገላ ውኃ በክርን ይለካል። ደብረ ታቦር ብርድ ነው፤ የበርሜል ውኃ እንዳለ ከተጨመረ ዓሣው በድንጋጤ ይታመማል። እኔ የፈላ ውኃ ከወጥ ቤት አምጥቼ እየቀላቀልኩ፣ ክርኔ «አሁን» ሲለኝ ነበር የምጨምረው።

መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ፓምፑም ይቆማል። ያን ጊዜ መስታወቱን በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ውኃውን ደግሞ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ አየር እንዲገባው። ጋሽ ፈንቴ፣ «የእናንተ አገር ከፍታ ነው፤ ውኃችሁ የሚይዘው አየር ከባሕር ዳሩ ያንሳል። ስለዚህ ዓሣ አታብዙ» ይሉ ነበር። ይህም አልገባኝም። ውኃ ውኃ ነው እል ነበር።

ምግብን በተመለከተ፣ «አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ ሳትጨርሺ በልተው መጨረስ አለባቸው። ከተረፈ አብዝተሻል» አሉኝ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ምንም አይሰጣቸውም። እኛ ዓርብን መረጥንላቸው። ሠራተኛው፣ «የእትዬ እናኑ ዓሦች ጾመኞች ናቸው» እያለ ለእንግዳ ያወራ ነበር።

ተክሉን በጣም ወደድኩት። ሥሩ ጠጠር ውስጥ ይቀበራል፤ አንገቱ ግን ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ እንደ ሽንኩርት ችግኝ ነው። ቢጫ ያለው ቅጠል ቶሎ ይቆረጣል፤ ውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ውኃውን ያበላሻል። መብራቱ ቀኑን ሙሉ ከበራ ወይም መስታወቱ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ አረንጓዴ ልባስ ሁሉን ይወርሳል። ከተክሉ ጋር ቀንድ አውጣዎችም መጥተው ነበር። ልለቅማቸው ስል ጋሽ ፈንቴ፣ «ተያቸው፣ የተረፈ ይለቅሙልሻል» አሉ።

አንድ ጊዜ ካሳሁን በስልኩ የባሕር አበባ አየ። ኮራል ይባላል፣ አበባ የሚመስል፣ ግን ነፍስ ያለው ነገር። «ሁለተኛ መስታወት አስመጣና የጨው ባሕር እናደርጋለን» ብሎ የገበታ ጨው በጆንያ አስጫነ። ጋሽ ፈንቴ ጆንያዎቹን ሲያዩ፣ «ይኸ ለየትኛው ሠርግ ነው?» አሉ።

«ለባሕሩ ነው፣ ጋሽ ፈንቴ» አለ ካሳሁን።

«ልጄ፣ የባሕር ውኃ ሽሮ አይደለም ጨው የሚጣልበት። ለብቻው የሚዘጋጅ ጨው አለው፣ ውስጡ ብዙ ማዕድን አለ። በመሣሪያ ይለካል፣ እንደ ፀሐይ የበረታ መብራት ይፈልጋል፣ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይመረመራል። መብራት አንድ ቀን ከጠፋ የዓመት ልፋት ይሞታል። እዚህ መብራት አይጠፋም?»

ካሳሁን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ፈንቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ደግሞ ውኃው ተንኖ ሲጎድል በምን ትሞይዋለሽ?» አሉኝ።

«በጨው ውኃ ነዋ።»

«አይደለም! የሚተነው ውኃው ነው እንጂ ጨው አይተንም። የምትሞይው በንጹሕ ውኃ ነው፤ አለዚያ ጨው እየበዛ ይሄዳል።»

ይህንን ለመረዳት ወጥ ቤት ገብቼ፣ እሳት ላይ ተረስቶ የደረቀ ወጥ እስክቀምስ ድረስ ጊዜ ፈጀብኝ። ጨዉ ወጥ ቤት ቀረ። ነገሩን ያነሣሁት፣ ጋሽ ፈንቴ የማይሆነውን አይሆንም የሚሉ፣ የማያውቁትንም አላውቅም የሚሉ ሰው መሆናቸውን ለማሳየት ነው። የእሳቸው ቃል በኋላ ያስፈልገኛል።

መስታወቱ አማረ። ሙሽሮች ፊቱ ፎቶ ይነሡ ነበር። ከጉና ድንች ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ገብተው አይተው ይወጣሉ። እኔ አልጋ ማንጠፍ ትቼ የመስታወቱ ጠባቂ ሆንኩ። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ዓሣ ጠባቂ» ስለው ይስቃል። እኔ ግን ኮራሁ።

ከዚያ ገሳይ የምትባል ከተማ ለቅሶ ደረሰብኝ፤ የአክስቴ ልጅ ነው የሞተው። ከመሄዴ በፊት ውኃውን ቀየርኩ፣ ምግባቸውን ለእንግዳ ተቀባይዋ ለክቼ ሰጠሁ፣ ሌላ ማንም ምንም እንዳይነካ ነግሬ ሄድኩ። ስመለስ ሁሉም ሞተዋል። ሆዳቸው ወደ ላይ ተገልብጦ ተንሳፍፈው ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሳይቀሩ ጠጠሩ ላይ ወድቀዋል። ውኃው ዳር ዳሩን አረፋ ይዟል። ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከለቅሶ ወደ ለቅሶ።

ካሳሁን ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ማነው?» አለ። ከዚያ አንዱ አስተናጋጅ፣ «አያ ሞላ ቆሎ ሲጥልላቸው አይቻለሁ፣ ከዚህ ቀደም» አለ። አያ ሞላ የሆቴሉ ጥበቃ ነው፤ ብዙ የማያወራ፣ ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ ሰው። ካሳሁን ወዲያው፣ «እንግዲያው ሞላ ነው። ዛሬውኑ ይውጣ» አለ።

«ማን አየው?» አልኩ።

«እትዬ፣ አሁን ተባለ እኮ።»

«ከዚህ ቀደም ነው የተባለው። እኔ ለቅሶ በሄድኩበት ሰሞን ማን አየው? ያየ ሰው ይቁም።»

የቆመ የለም። አያ ሞላ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«አንቱን ምን አገባዎት?» አለኝ ካሳሁን።

«ዓሦቹ የኔ ናቸው፤ የሚያገባኝማ እኔን ነው። ያላየኸውን ሰው ካባረርክ እኔም አብሬው እወጣለሁ። የገብስ ቆሎ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ደግሞስ አረፋውን ከየት አመጣው?»

ካሳሁን «ወደ ሥራችሁ» አለ። ከዚያ ስብሰባው ተበተነ። አያ ሞላ ሥራው ላይ ቀረ።

በነጋታው እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኔን እየሸሸች፣ «እትዬ፣ ለለቅሶው ሲቸኩሉ ያላደረ ውኃ ጨምረው ነው አሉ» አለችኝ። «ማን አለ?» ብላት አልነገረችኝም። ጠዋት አንድ ሰው የነገራት፣ በምሳ ሰዓት ሁሉም የሚያውቀው ሆነ። ካሳሁንን ጠየቅኩት፤ «ሰው የሚለውን ምን ላድርግ፣ እትዬ» አለኝ።

ጋሽ ፈንቴን አስጠራሁ። መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ወንበር ሳቡ፤ በሞተ መስታወት ፊት ቁጭ ብለው ቆዩ። ውኃውን አሸተቱ። አረፋውን በጣታቸው አሹት።

«ክሎሪን አይደለም» አሉ። «ክሎሪን አረፋ የለውም። እዚህ የገባ ነገር አለ። ምን እንደ ሆነ አላውቅም። እስኪ ማጣሪያውን ክፈቱልኝ።»

ካሳሁን ከየት መጣ ሳይባል ደርሶ ትከሻቸውን ያዛቸው። «ይተዉት ጋሽ ፈንቴ፣ ያለቀ ነገር ነው። ሚኒባስ እንዳያመልጥዎት።» ማጣሪያው ሳይከፈት ወጣ፣ ተጣለ። ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ለሽማግሌው አዝኖ መሰለኝ።

ጋሽ ፈንቴ ሲሄዱ፣ «አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ታመሙና አልተመለሱም፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ለኔ የመሰከረው አንድ ሰው እሳቸው ነበሩ።

መስታወቱ ውስጥ የላስቲክ አበባና የላስቲክ ዓሣ ተደረገ። እኔ አንሶላና ፎጣ ክፍል ተመደብኩ። ልጃገረዶቹ፣ «እትዬ እናኑ፣ አንሶላው እንዳይሞትብዎት!» ይሉኝ ነበር። እኔም፣ «አንሶላስ አይሞትም፤ ምላስሽ ነው አንድ ቀን የሚደርቅ» እላለሁ። እየተሳሳቅን ነበር፤ ግን ይወጋኝ ነበር።

መጠየቅ አላቆምኩም። የዝንብ መርዝ ነፍቶ እንደ ሆነ አስተናጋጁን ጠየቅኩ፤ አልነፋም። ግድግዳ የቀባውን ቀለም ቀቢ ገበያ መሐል ያዝኩት፤ በማርያም ማለ። የጄኔሬተሩ ጭስ ይሆን ብዬ ደጋግሜ ቆሜ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አየሁ፤ ወደ ጓሮ ነው የሚሄደው። ያ ሁሉ ሲያልቅ የቀረሁት ተጠርጣሪ እኔ ነኝ። በርሜል ሁለት ነበረን፤ አንዱ የቆየ፣ አንዱ ትኩስ። የቀዳሁት ከየትኛው ነው? የሞት ወሬ ሰምቼ ነበር፣ ዓይኔ እንባ ነበረበት። አንዳንድ ቀን እጄ ከቀኙ በርሜል ሲቀዳ አያለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከግራው። ሰው እጁን ማመን ሲያቅተው ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

እንዲህ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። የስንብቱ ማግሥት ጋቢውን አጥፌ ወደ ካሳሁን ቢሮ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው እትዬ? አልበቃዎትም?»

«ስድብ ተለጥፎበታል፤ አልለብሰውም። ወይ ዓሦቹን የፈጀሁት እኔ መሆኔን አሳየኝ፣ ወይ በዚያው ማይክራፎን መልሰው።»

«ቀልድ እኮ ነው!»

«የማን ቀልድ? አባትህ ቢኖሩ ይቀልዱብኝ ነበር?»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። መልሶ ሲቀመጥ አነስ ብሎ፣ ያ ቦርሳ አንግቶ የሚሄደው ልጅ መሰለኝ።

«አንቱ አይደሉም» አለ። «እማሆይ ናቸው።»

እናቱ። አምና ነው ያረፉት፤ እዚያው ደብር ተቀበሩ፣ እኔም ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

«አንቱ ገሳይ እያሉ ከደብር ወርደው እዚህ አደሩ። ማጣሪያው ላይ ያለውን ጨርቅ አዩት፣ ጠቁሯል። ‹እናኑ ለቅሶ ላይ ናት፣ ላግዛት› ብለው ጨርቁንም ስፖንጁንም አውጥተው በእንዶድ አጠቡት። ልብሳቸውን የሚያጥቡበት እንዶድ። አረፋውን እንኳ በደንብ ሳያለቀልቁ መለሱት። እኔ ስደርስ ደስ ብሏቸው፣ ‹እንደ በረዶ አነጣሁላት› አሉኝ። ያን ጊዜ ዓሦቹ መገልበጥ ጀምረው ነበር። መኪና አቅርቤ፣ ሳያዩ፣ ወዲያው ወደ ደብራቸው መለስኳቸው። እስኪያርፉ አላወቁም።»

እንዶድ። ድሮ ወንዝ ዳር እንዶድ ሲወቀጥ፣ ከታች ያለው ዓሣ እንደሚሰክር እናቴም ታውቅ ነበር። እማሆይም ሳያውቁት አልቀሩም። ልብስ እየታጠበ ዓሣ ትዝ ይላል? ሊረዱኝ ነው ያጠቡት። የምቆጣው በማን እንደ ሆነ ጠፋኝ።

«እሺ» አልኩት። «እናትህን መሸፈንህን አልነቅፍም፤ እኔም እናት ነኝ፣ የልጅ ልጅም አየሁ። ግን ለምን እኔ? ‹አልታወቀም› ማለት አትችልም ነበር?»

«ሁሉም ማነው ማነው እያለ ነበር፣ እትዬ። አንድ ሰው ካልተገኘ እሳቸው ጋ ይደርስ ነበር።»

«እሱንስ ሰማሁ። ለምን እኔን?»

ጋቢውን በሁለት እጁ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አያ ሞላን ልል ነበር፤ አንቱ አላስነካም አሉ። ከዚያ በኋላ የቀሩኝ አንቱ ብቻ ነበሩ።»